ለመስክ ሥራ ትንሽ ላፕቶፕ ለጠየቅሽው እህታችን

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። በወር ሁለት ሳምንት ወረዳ ትወጫለሽ። ማታ ማታ የቃለ መጠይቅ ማስታወሻሽን በአማርኛ ትጽፊያለሽ፣ ኤክሴልም ላይ ትሠሪያለሽ። ቢሮ የሰጠሽ ላፕቶፕ ደግሞ ትከሻ ይሰብራል። «ቀላል ሆኖ መብራት ሲጠፋ የማያሳፍረኝ ምን ልግዛ? ምን ምን ልጫንበት?» ነው ያልሽው። እኔም የትርጉምና የመረጃ ማሰባሰብ ሥራ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል፤ አራት ትንንሽ ላፕቶፖች ቀያይሬያለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ የምትርቂውን ልንገርሽ። እሽጉ ያልተፈታ፣ ቀጭን፣ ዋጋውም ደስ የሚል ሚኒ ላፕቶፕ ሱቅ ውስጥ ታያለሽ። ሳጥኑ ላይ ሴለሮን (ደካማ ፕሮሰሰር ነው)፣ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ኢኤምኤምሲ ይላል። እሱን ተይው። ኢኤምኤምሲ ቦርዱ ላይ የተበየደ ዘገምተኛ ማስቀመጫ ነው፤ ሲሞላ አውጥተሽ አትቀይሪውም። ዊንዶውስና ኦፊስ ከገቡበት በኋላ የሚተርፍሽ ቦታ ጥቂት ነው። ትልቅ አፕዴት ሲመጣ ደግሞ «ቦታ የለም» ብሎ ቁጭ ይላል። ሁለተኛው ላፕቶፔ እንዲህ ዓይነት ነበር። ኤክሴል ከፍቼ ብሮውዘር ስጨምርበት ማውሱ ደርቆ ይቀራል። ስምንት ወር ታግሼ ሸጥኩት።

በዚያ ገንዘብ ላይ ትንሽ ጨምረሽ ያገለገለ የቢዝነስ ላፕቶፕ ፈልጊ፤ «ስላይትሊ ዩዝድ» የሚሉትን። ቦሌም መርካቶም ሞልቷል። ለአንቺ ሥራ ሦስት ሞዴል እመክራለሁ፦ ሌኖቮ ቲንክፓድ ኤክስ280፣ ዴል ላቲቲዩድ 7290 እና ኤችፒ ኤሊትቡክ 830 ጂ5። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 12.5 ኢንች ናቸው፣ ኤችፒው 13.3። ሦስቱም ክብደታቸው ከ1.2 እስከ 1.3 ኪሎ ገደማ ነው። ዋጋ አልጠራልሽም፤ ዛሬ የነገርኩሽ በሳምንቱ ይለወጣል።

እነዚህን የመረጥኩት በአብዛኛው ስምንተኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ፕሮሰሰር ስላላቸው ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2025 በፈረንጆች አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከስምንተኛው ጀምሮ ያለውን ነው። ሻጩ «አይ5 ነው» ብሎ ብቻ ቢነግርሽ አይበቃም። ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር እይ። አይ5-8250 ወይም 8350 ካለ ስምንተኛ ነው። 6300 ወይም 7300 ካለ ስድስተኛና ሰባተኛ ናቸው፤ ቢረክስም ይቅርብሽ። ራም 8 ጊጋ፣ ማስቀመጫው 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዓይነት) ይሁን። አንድ ነገር ልብ በይ፦ የኤክስ280 ራም ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ በኋላ አይጨመርም። 4 ጊጋ ያለው ከሆነ እንዳትወስጂው።

ኪቦርዱን ሳትሞክሪ እንዳትከፍዪ። አማርኛ ስትጽፊ ለአንድ ፊደል ብዙ ጊዜ ሁለት ቁልፍ ትመቺያለሽ። «ሰላም» ሦስት ፊደል ናት፣ ስትጽፊያት ግን አምስት ጊዜ ትመቺያለሽ። ሃያ ገጽ ማስታወሻ ላይ ይህን አስቢው። በ10 ኢንች ኪቦርድ ለአንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ጣቶቼ ሁልጊዜ ጎረቤት ቁልፍ ላይ ነበር የሚያርፉት። ሱቅ ውስጥ ኖትፓድ ክፈቺና ሁሉንም ቁልፍ አንድ በአንድ ምቺ። ሻጩ ቢሰለችም ይሰልች።

አሁን ወደ ባትሪው። ሻጮች «ባትሪው አሪፍ ነው፣ አራት ሰዓት ይቆያል» ይሉሻል። ዊንዶውስ ግን የራሱ የባትሪ ሪፖርት አለው፤ በኮማንድ ፕሮምፕት (ትዕዛዝ በሚጻፍበት መስኮት) powercfg /batteryreport ተብሎ ሲጻፍ ይወጣል። ትዕዛዙን ስልክሽ ላይ አስቀምጠሽ ሂጂ። ሪፖርቱ ላይ ሁለት ቁጥሮች ፈልጊ፦ ዲዛይን ካፓሲቲ እና ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ። የመጀመሪያው ፋብሪካ ሲወጣ የሚይዘው ነው፣ ሁለተኛው ዛሬ የሚይዘው። ለእህቴ ልጅ ኤክስ280 ልንገዛ ሄደን ዲዛይኑ 48 ሺህ ሚሊዋት-ሰዓት፣ የዛሬው 19 ሺህ ሆኖ አገኘነው። ስክሪኑ ላይ 100 ፐርሰንት ይላል፣ ግን የ19 ሺህ መቶ ነው። ሻጩ ራሱ አይቶ ከመደርደሪያ ሌላ አወረደልን። እሱ 41 ሺህ ወጣለት፤ እሱን ይዘን ወጣን። እኔ ከዲዛይኑ 75 በመቶ በታች የሆነውን አልገዛም፤ ከገዛሁም የባትሪ ዋጋ አስቀንሼ ነው።

እዚያው ሱቅ ውስጥ ሌላም አስደርጊ። አጥፍተሽ ስታበሪ ሌኖቮ ላይ ኤፍ1፣ ዴል ላይ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10 ተጫኚ። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ ቅንብር) ፓስወርድ ከጠየቀሽ ሳትገዢ ተመለሽ። የድርጅት ንብረት የነበሩ ላፕቶፖች አንዳንዴ ተቆልፈው ይመጣሉ፤ መክፈቻው ደግሞ ጣጣ ነው።

መብራትን በተመለከተ፣ ሦስቱም ላፕቶፖች በዩኤስቢ-ሲ ቻርጅ ይደረጋሉ። ለወረዳ ሥራ ትልቁ ጥቅማቸው እሱ ነው። 65 ዋት ፒዲ (ላፕቶፕን በዩኤስቢ-ሲ የሚሞላው ስልት) የሚል፣ 20 ሺህ ሚሊአምፒር ፓወር ባንክ ያዢ። ያ 74 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው። ሲሞላ የሚባክነውን ቀንሰሽ ላፕቶፑን አንድ ጊዜ ይሞላልሻል። ተራው የስልክ ፓወር ባንክ አይሠራም፤ ላፕቶፑ 20 ቮልት ይፈልጋል። ጎንደር ወይም ጅማ በአውሮፕላን ከሄድሽ የእጅ ቦርሳሽ ውስጥ አድርጊው፤ እስከ 100 ዋት-ሰዓት በእጅ ይፈቀዳል። አዳርሽ ከሦስት ሰው ጋር ከሆነ አንድ ትንሽ ዲቫይደር አይጠፋሽ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሶኬት አንድ ነው የሚሆነው።

ሶፍትዌር ላይ ከአማርኛው ልጀምር፤ እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው። ደሴ ሆኜ ሌሊቱን የጻፍኩትን 14 ገጽ ሪፖርት በማለዳ ላክሁ። ከዋናው ቢሮ ደውለው «ምንድን ነው የላክኸው?» አሉኝ። በድሮ ፎንት ነበር የጻፍኩት። እነዚያ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ላይ ነው የሚያስቀምጡት። ተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ ያ ፎንት ከሌለ የሚታየው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅ ነው። ፊደላችን ከ1999 በፈረንጆች ጀምሮ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው። ስለዚህ በዩኒኮድ ብቻ ጻፊ። ኪይማን የሚባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም በነፃ አውርጂ፣ የአማርኛ ኪቦርዱን ጫኚበት፣ በቃ። ፎንት ከፈለግሽ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ በነፃ አሉ። የመጨረሻውን ሪፖርት ስትልኪ ደግሞ ፒዲኤፍ አድርገሽ ላኪ፤ ፎንቱን ይዞ ይሄዳል።

ክራክ ኦፊስ በፍላሽ ይዞልሽ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። አትቀበዪ። ከክራኩ ጋር የሚመጣውን ቫይረስ ሳታውቂ ወደ ቢሮ ታዛምቻለሽ። ቢሮሽ ሕጋዊ ኦፊስ ካለው እሱኑ ተጠቀሚ። ከሌለው ነፃው ሊብሬኦፊስ ለሪፖርትና ለተራ ሰንጠረዥ ይበቃል። ማክሮ (ሥራን በራሱ የሚያከናውን ትዕዛዝ) ያለበት ኤክሴል ከሆነ ግን ሁልጊዜ አይስማማም፤ ያንን ቀድመሽ ሞክሪ። ዊንዶውሱን በተመለከተ፣ የቢዝነስ ላፕቶፖች ብዙ ጊዜ የዊንዶውስ ፕሮ የፈቃድ ቁልፍ ባዮሳቸው ውስጥ ተቀምጦላቸው ነው የሚመጡት። እንደ አዲስ ስትጭኚው ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ያደርጋል።

ከስልክሽ ሆትስፖት ስትጠቀሚ ግንኙነቱን «ሜተርድ» (ተቆጥቦ የሚሠራበት) አድርጊው። ዋይፋዩ ቅንብር ውስጥ አንዲት ማብሪያ ናት። ካላደረግሽው ዊንዶውስ አፕዴት የወር ፓኬጅሽን በአንድ ማታ ሊጨርሰው ይችላል።

አደራ የምልሽ ግን አንድ ነገር አለ። የሰዎችን ስም፣ ሕመም፣ የቤት ገበና ነው ተሸክመሽ የምትሄጂው። ሚኒባስ ውስጥ ቦርሳው ቢጠፋስ? ዊንዶውስ ፕሮ ላይ ማስቀመጫውን የሚቆልፈውን ቢትሎከርን አብሪ፣ የመክፈቻ ቁልፉንም ከላፕቶፑ ውጭ አስቀምጪ። መጠባበቂያ ቅጂ በቴሌግራም ወደ ራስሽ የምትልኪ ከሆነም ፋይል በሚያሽገው ሰቨን-ዚፕ በፓስወርድ ቆልፈሽ ላኪው። እኔ ከእያንዳንዱ ቃለ መጠይቅ በኋላ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው ይህን የማደርገው።

ቅዳሜ ልትገዢ እንደምትወጪ ጽፈሻል። ከመክፈልሽ በፊት የባትሪ ሪፖርቱንና የፕሮሰሰሩን ቁጥር ፎቶ አንሥተሽ እዚሁ ለጥፊልኝ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ስልኬ ላይ ነኝ፣ ወዲያው አይቼ እነግርሻለሁ።