ፖርትፎሊዮ ከፍላሽ አይገለበጥም

ጠያቂያችን የጅማ ልጅ ናት። ማና ወረዳ ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ታስተምራለች። ዲግሪ አላት፤ በሥራ ላይ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ደብዳቤዋ አጠር ሲል እንዲህ ነው፦

«ርዕሰ መምህራችን የዓመቱን 60 ሰዓት ሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ) ሞልታችሁ ሰኔ ላይ ፖርትፎሊዮ (የሥራ ማስረጃ ማኅደር) አስገቡ ብሎናል። አንድ ባልደረባዬ ‹የአምናውን በፍላሽ ልስጥሽ፣ ስም ቀይረሽ አስገቢ› አለኝ። እዚህ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። አጎቴ ደግሞ ‹በመምህርነት ያለፈለት ማን አለ? ቅዳሜና እሁድ ፕሮጀክት ማኔጅመንት ማስተርስ ተማሪ፣ እኔ እከፍላለሁ› ይሉኛል። ማስተርሱን ብጀምር 60 ሰዓቱ ይያዝልኛል? ኦንላይን ኮርስስ? በዚህ ደመወዝስ እስከ መቼ ይኖራል?»

እህቴ፣ ከፍላሹ ልጀምር። ሌላው ይደርሳል።

የጉድኝት ማዕከል (አብረው የሚሠሩ ጎረቤት ትምህርት ቤቶች ስብስብ) ሱፐርቫይዘር ሆኜ ስሠራ የተገለበጠ ፖርትፎሊዮ በብዛት አይቻለሁ። ለመለየት አይከብድም። የእንግሊዝኛ መምህር ዕቅድ ውስጥ የሒሳብ ፈተና ውጤት ታገኛለሽ። የሌላ ትምህርት ቤት ስም ሳይነካ መሐል ገጽ ላይ ቁጭ ብሏል። ሽፋኑ ግን ያምራል፤ ባለ ቀለም ነው፣ ፕላስቲክ ለብሷል። እኔን የሚያናድደኝ ማጭበርበሩ ብቻ አይደለም። ሰውዬው ዓመቱን ሙሉ የለፋበት የራሱ ሥራ እያለው የሰው ወረቀት ማስገባቱ ነው።

60 ሰዓት ሲባል ብዙዎቻችን አዳራሽ ተቀምጦ ስልጠና ማዳመጥ ይመስለናል፤ አበል ያለው፣ ሻይ ያለው። አይደለም። ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ማዕቀፍ ሲፒዲ ብሎ የሚቆጥራቸውን ነገሮች እዪ። ከባልደረባ ጋር የትምህርት ዕቅድ ማውጣት። የሌላ መምህር ክፍል ገብቶ ማየት። አንቺ ስታስተምሪ ሌላው አይቶ አስተያየት ሲሰጥሽ። የተማሪን ሥራ አርሞ ግብረ መልስ መስጠት። ተማሪን ማነጋገር። ሙያ ነክ ንባብ። ተግባራዊ ጥናት፣ ማለትም የክፍልሽን ችግር ራስሽ አጥንተሽ መፍትሔ መሞከር። ግማሹን አሁንም እየሠራሽው ነው። የጎደለሽ ዕቅድና መዝገብ ነው። በእርግጥ ያረምሽው ደብተር ሁሉ ሰዓት ይሆናል ማለት አይደለም። እፈታዋለሁ ብለሽ በዕቅድሽ ከያዝሽው ችግር ጋር መያያዝ አለበት።

ችግሩን ደግሞ ከሩቅ አትፈልጊ። ማና ነሽ፣ ወሩ ኅዳር ነው፣ ቡና እየተለቀመ ነው። ዛሬ ስም ስትጠሪ ስንቱ «የለም» ተባለ? ልጆቹ ለቀማ ይወጣሉ፤ ሲመለሱ አንቺ ምዕራፍ ቀይረሻል። አሉታዊ ቁጥር መደመር ያመለጠው ልጅ እኩልታ ላይ ሲደርስ ይጠፋበታል። ከዚያ «ይሄ ልጅ ሒሳብ አይገባውም» ይባላል። ልጁ ግን መረዳት አቅቶት አይደለም፤ ክፍል ውስጥ ስላልነበረ ነው።

በቃ፣ የዘንድሮ ሲፒዲሽ ይሄ ነው። ሲፒዲ አራት እርምጃ አለው፦ ትንተና፣ ዕቅድ፣ ትግበራ፣ ግምገማ። ከስም መጥሪያው የቀሩትን ለቅመሽ አውጪ። ሲመለሱ አጭር ፈተና ስጪያቸው፤ ምን እንዳመለጣቸው እወቂ። ያንኑ ክፍል ከሚያስተምረው የሳይንስ መምህር ጋር ተቀምጣችሁ የማካካሻ መልመጃ አዘጋጁ። ስታስተምሪው ባልደረባሽ ገብቶ ይይሽ፣ አስተያየቱን ጽፎ ይፈርም። የካቲት ላይ እንደገና ፈትኚያቸው። ካልተሻሻሉም ጻፊው፤ ግምገማ ማለት እሱ ነው። ከኅዳር እስከ ሰኔ 8 ወር አለሽ። 60 ሲካፈል ለ8፣ በወር 7 ሰዓት ተኩል ነው። በሳምንት ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ፖርትፎሊዮው ውስጥ ሲቪሽ፣ የግል ዕቅድሽ፣ የሠራሽበት ማስረጃና የተሰጠሽ ግብረ መልስ ይግቡ። ቀን ወደ ኋላ አትጻፊ። ከመስከረም ወዲህ ቃለ ጉባኤ ወይም የተፈረመ ምልከታ ካለሽ አስገቢው፤ ከሌለሽ ተይው። ፍላሽ ላቀረበልሽ ባልደረባ ደግሞ «ከምትሰጠኝ ክፍሌ ገብተህ እየኝ፣ እኔም ያንተን ልይ» በይው። ለሁለታችሁም ሰዓት ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት የሙያ ትውውቅ ነበሩ፤ አማካሪ መምህር ነበረሽ። ከዘንድሮ ጀምሮ ዕቅዱ የራስሽ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ የምትይዢው ልማድ አብሮሽ ይኖራል።

ማስተርሱ 60 ሰዓቱን አይተካም። ማስተርስ የትምህርት ደረጃ ማሳደግ ነው፤ 60 ሰዓቱ ያለሽን ሙያ በየዓመቱ ማደስ ነው። ማዕቀፉም ለይቶ ነው ያስቀመጣቸው።

አሁን ወደ አጎትሽ። አሳቢ ሰው እንደሆኑ ይገባኛል፤ ግን በግልጽ ልናገር። «እኔ እከፍላለሁ» ሲሉ የሚከፍሉት ብሩን ነው። ቅዳሜና እሁዱን የምትከፍዪው አንቺ ነሽ። ጨርሰሽ ሥራ ፍለጋ ስትወጪ የመጀመሪያው ጥያቄ «በፕሮጀክት ስንት ዓመት ሠርተሻል?» ነው። መልስሽ ዜሮ ነው። በዚያ ላይ ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት። ፕሮጀክት ማኔጅመንት እንደምትወጂ የሚል አንድ ቃል የለበትም። የእሳቸው ፍላጎት አለ፣ የአንቺ የለም። ዘመድ የሚከፍለው ትምህርት ደግሞ መሐል ላይ ማቋረጥ እንኳ አይቻልም፤ በየበዓሉ ይነሳብሻል። መማር ካማረሽ ወደ ሒሳብ ወይም ወደ ሥርዓተ ትምህርት ሂጂ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ አጠገብሽ ነው፤ በክረምት ምን እንደሚሰጥ ሄደሽ ጠይቂ። እኔም የተማርኩት በክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ያልቃሉ፣ መስከረም ላይ ክፍልሽ ትመለሻለሽ፣ የተማርሽውን በማግስቱ ትሞክሪዋለሽ።

ኦንላይን ኮርስ ከዕቅድሽ ጋር ከተያያዘ ጥሩ ነው። ከመጀመርሽ በፊት ግን ርዕሰ መምህሩን አሳይተሽ ዕቅድሽ ላይ አስገቢው።

ስለ ደመወዙ የምነግርሽ ጥሩ ወሬ የለኝም። የመምህራን የደረጃ ዕድገት አለ፤ ከጀማሪ ተነስቶ መለስተኛ፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር እያለ እስከ መሪ መምህርና ከዚያም በላይ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ጭማሪ አለ፤ ኑሮውን ግን አይደርስበትም። ቅዳሜ ጅማ ከተማ ውስጥ ቤት ለቤት ሒሳብ ማስጠናት ትችያለሽ፤ ፈላጊ አታጪም። የራስሽን ክፍል ተማሪ ግን በብር አታስጠኚ።