ከጣና ጀልባ ወደ መርከብ ሞተር ክፍል

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አባቴ ወደ ዘጌ ሰው የሚያመላልስ የሞተር ጀልባ አለው። የመርከብ መሐንዲስ መሆን እፈልጋለሁ፤ ከአሁኑ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከሁሉ በፊት ዓይንህን ተመርመር። ዓለም አቀፉ የባሕረኞች ሥልጠና ስምምነት (1978 እ.ኤ.አ.) ለሞተር ክፍል መኮንኖችም (ለመርከብ መሐንዲሶች ማለት ነው) የቀለም መለየት ምርመራ ያዛል። በቀለም ነጠብጣብ መካከል የተደበቀ ቁጥር አንብብ ይሉሃል፤ ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል። ቀይና አረንጓዴ የሚምታታበት ሰው ይህን ሳያውቅ ሊያድግ ይችላል። ከአምስት ዓመት ምህንድስና በኋላ ከማወቅ ዛሬ ማወቅ ስንት ድካም ያተርፋል!

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለው የማሪታይም ሥልጠና የሚቀበለው በሜካኒካልና በኤሌክትሪካል ምህንድስና የተመረቁትን ነው። ስለዚህ 11ኛ ክፍል ስትገባ የተፈጥሮ ሳይንስን ምረጥ። በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶ ማምጣት ዩኒቨርሲቲ ያስገባል እንጂ የፈለግኸውን ዲፓርትመንት አያስገኝም፤ ለምደባው የመጀመሪያ ዓመት ውጤትም ይቆጠራል። ብዙ ጎበዝ ተማሪ የሚወድቅበት እዚህ ላይ ነው። ፊዚክስና ሒሳብ ላይ ብቻ ተጠምዶ ሎጂክን፣ ሳይኮሎጂንና ጂኦግራፊን ይንቃል፤ አማካይ ውጤቱን ግን እነሱም ያወርዱታል። ስትመረቅም የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው።

ዲግሪው ብቻውን መኮንን አያደርግህም። በስምምነቱ መሠረት ቢያንስ 12 ወር የወርክሾፕና የባሕር ላይ ልምምድ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 6 ወሩ በሞተር ክፍል ተረኝነት ነው።

እንግሊዝኛህን በሞተር ተማር። የአባትህን ሞተር መመሪያ ውሰድና በቀን አንድ ገጽ አንብብ። ሞተሩ ባለ ሁለት ምት (ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራ) ሆኖ መመሪያው ድብልቁን 50 ለ 1 ካለ፣ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው፤ ለ25 ሊትር ጀሪካን ግማሽ ሊትር። ዘይቱ ካነሰ ፒስተኑ ግሎ ይጣበቃል። ከበዛ ደግሞ ያጨሳል። አባትህን አስፈቅደህ፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ካንዴላውን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ፍታና ተመልከት፦ ጥቁርና ዘይታም ከሆነ ዘይቱ በዝቶ ሊሆን ስለሚችል ልኬቱን እንደገና አስላው።