ለመለሎ ልጆቼ፦ ሱፍ ልብስ ስትመርጡ

ልጆቼ፣ የምረቃና የሰርግ ወቅት ሲቃረብ ረጅምና ቀጭን የሆናችሁ ወጣቶች ሱፍ ስትገዙ ከሁለት ስህተት በአንዱ ትወድቃላችሁ። አንዱ እጅጌው እንዲደርስለት ብሎ ሁለት ቁጥር ከፍ ያለ ኮት ይገዛል፤ ትከሻው ይወርድበታል፣ ደረቱ ላይ ጨርቁ ይንዘላዘላል። ሌላው አጭርና ጥብቅ ያለውን «ስሊም» ከቀጭን ከረባት ጋር ያደርግና ቅጥነቱን ያባብሰዋል። ለእናንተ የሚሆነው ትከሻና ደረቱ ልክ የሆነ፣ ቁመቱ ሙሉ የሆነ ኮት ነው።

የተሰፋ ሱፍ ከገዛችሁ ቁጥሩን እዩ። በአውሮፓ ልኬት 48፣ 50 እና 52 ለመካከለኛ ቁመት የተሠሩ ናቸው። በዚያው የደረት ልክ ለረጅም ሰው የሚሰፋው 94፣ 98 እና 102 ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ 48 የሚለብስ ረጅም ልጅ 94ን፣ 50 የሚለብስ 98ን ይጠይቅ። ብዙ ሱቅ አይይዘውም፤ ቢሆንም ሳትጠይቁ ወደ 54 አትዝለሉ።

ከሁሉ በፊት ትከሻውን መርምሩ። የትከሻው ስፌት የራሳችሁ ትከሻ የሚያልቅበት ላይ ማለቅ አለበት። ካለፈ ከስፌቱ ሥር ክንዱ ላይ ጎድጎድ ይላል። ትከሻ ለማጥበብ እጅጌው ተፈትቶ እንደገና መገጠም ስላለበት ሥራው ውድ፣ ውጤቱም አጠራጣሪ ነው፤ ወገብን ግን ጎበዝ ልብስ ሰፊ በቀላሉ ያጠበዋል። ወፍራም የትከሻ ስፖንጅ ያለውን ተዉት፤ ቀጭን ሰው ላይ ኮቱ ገና ከመስቀያው ያልወረደ ይመስላል።

የኮቱ ጫፍ መቀመጫችሁን ይሸፍን። እጅጌው ካጠረ ገልብጡትና ወደ ውስጥ የታጠፈውን ትርፍ ጨርቅ በጣታችሁ ዳብሱ፤ 4 ሴንቲ ሜትር ካለ ሁለት ያህሉን ማውጣት ይቻላል። እጅጌው ላይ ያሉት የቁልፍ ቀዳዳዎች የተከፈቱ ከሆነ ግን ሲረዝም ወደ ላይ ርቀው ስለሚቀሩ ያስጠላል። የሸሚዙ እጅጌ ከኮቱ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቅ ይበል።

ስስና አብረቅራቂ ጨርቅ አጥንት ያወጣል። በሜትር ከ280 እስከ 320 ግራም የሚመዝን ሱፍ የራሱን ቅርጽ ይዞ ይቆማል፤ ለአዲስ አበባ ብርድም ይስማማል። ወደ ታች የሚወርድ መስመር ቁመት ይጨምራል፣ ሰፋ ያለ ካሬ ግን ጎን ይሰጣል። ሰማያዊ ኮት ከግራጫ ሱሪ ጋር ቁመትን መሃል ላይ ይከፍለዋል፤ ሥርዓቱ ከፈቀደ ከአንድ ወጥ ጥቁር እሱን እመርጥላችኋለሁ። ባለ ሁለት ረድፍ ቁልፍ ኮትማ እንደ እናንተ የሚያምርበት የለም! ደረት ላይ የሚደረበው ጨርቅ ስፋት ይጨምራል። ቆማችሁ ሳለ ግን ተቆልፎ ይዋል።

ሱሪው ዳሌ ላይ ሳይሆን ወገብ ላይ ይቀመጥ። ዝቅ ሲል ከኮቱ ቁልፍ በታች ሸሚዙ በሦስት ማዕዘን ብቅ ይላል። የእግሩ አፍ ተዘርግቶ ሲለካ 19 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ከዚያ ሲጠብ ትልቅ ጫማ ይበልጥ ገዝፎ ይታያል። ጫፉ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ቢታጠፍ ለረጅም እግር ጥሩ ነው።

ከረባት 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው። የተለመደው 150 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ለእናንተ ከቀበቶው በላይ ስለሚቀር ከ155 እስከ 160 የሚደርስ ፈልጉ፤ ካጣችሁ ጨርቅ የማይበላውን ቀላሉን ቋጠሮ እሰሩ። የሸሚዙ ኮሌታ ተቆልፎ ከአንድ ጣት በላይ ካስገባ ሰፍቷል።

ልታሰፉ ከሄዳችሁ የምትለብሱትን ጫማና ሸሚዝ ይዛችሁ ሂዱ። ስትለኩ ደረት ነፍታችሁ አትቁሙ። ብዙ ረጅም ሰው ትንሽ ጎበጥ ይላል፤ ቀጥ ብሎ ተለክቶ ጎብጦ ሲለብሰው ኮቱ ከኋላ ወደ ላይ ይሳባል፣ ኮሌታውም ከአንገቱ ይርቃል። ገበሩ ከመሰፋቱ በፊት አንድ ጊዜ ለክታችሁ እዩት፤ ያኔ ጉድለቱ ገና ይታረማል።