መልስ፦ የደመወዝ ፋይል ለተሳሳተ ሰው ሄዶብኛል፣ ሪኮል (የላኩትን ኢሜይል መልሶ መጥራት) ይበቃል?

እህቴ፣ ይሄ ያልደረሰበት የቢሮ ሰው ያለ አይመስለኝም። የሠራተኞች ደመወዝ ያለበትን ኤክሴል ለፋይናንስ ኃላፊው ልትልኪ፣ የስሙን ሁለት ፊደል ስትጽፊ የኢሜይል ፕሮግራሙ አውትሉክ ሞክሼውን ዕቃ አቅራቢ አመጣልሽ። ላክሽው። አሁን «ሪኮል አድርጌዋለሁ፣ ዝም ልበል?» ነው ጥያቄሽ።

ዝም አትበይ። ሪኮል የሚሠራው ተቀባዩ እዚያው መሥሪያ ቤትሽ ሲስተም ውስጥ ካለ ነው። ውጪ ላለ ሰው፣ ለምሳሌ ጂሜይል ለሚጠቀም፣ ምንም አይመልስም። እንዲያውም «ላኪዋ ኢሜይሉን መመለስ ትፈልጋለች» የሚል መልእክት ሊደርሰውና ልብ ያላለውን ፋይል ፈልጎ ሊከፍተው ይችላል።

ዛሬውኑ ለአለቃሽና ለአይቲ ተናገሪ። ለሰውየውም ደውለሽ እንዲያጠፋው፣ ከትራሹም እንዲያወጣው በትህትና ጠይቂው። ማጥፋቱን በጽሑፍ ያረጋግጥልሽ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው ደመወዝ ማፍሰስ የቢሮ ሐሜት ብቻ አይደለም።

እኔ አድራሻውን የምሞላው መጨረሻ ላይ ነው። ፋይሉን አያይዤ፣ ጽሑፉን ጨርሼ፣ ከዚያ የተቀባዩን ስም። ኤክሴሉን በፓስወርድ እቆልፍና ፓስወርዱን በስልክ እናገራለሁ። (እዚያው ኢሜይል ላይ የሚጽፉት አሉ! በሩን ቆልፎ ቁልፉን እዚያው ላይ መተው ማለት እኮ ነው።) አውትሉክ ላይ ደግሞ የላክሽውን ሁሉ ከመሄዱ በፊት ሁለት ደቂቃ የሚያቆይ ሩል (ፕሮግራሙ በራሱ የሚከተለው ደንብ) ማውጣት ይቻላል፤ አይቲዎቹን ጠይቂ። እኔን ሁለቴ አድኖኛል። ያ ሞክሼ ስም ሲመጣም አጠገቡ ያለችውን ኤክስ ተጫኚና ከዝርዝሩ አጥፊው።