ሮቦት ቫኪዩሙ ደከመብኝ ላልከኝ፦ ባትሪ ከመግዛትህ በፊት ፀጉሩን አውጣለት

ጥያቄህ ባጭሩ ይሄ ነው። ሮቦት ቫኪዩሙን ከገዛኸው አመት አልፎታል፣ አናቱ ላይ ሌዘር የሚሽከረከርበት አይነት ነው፣ መጀመሪያ አካባቢ ቤቱን በሙሉ በአንድ ቻርጅ ይጨርስልህ ነበር፣ አሁን ግን ግማሹ ላይ ሲደርስ ባትሪ አለቀብኝ ይላል፣ ምንጣፍ ላይ ፀጉርና ፍርፋሪ ትቶ ያልፋል፣ አንዳንዴ ደሞ ቻርጅ ወደሚያደርግበት ቤዝ ሳይመለስ መሀል ቤት ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንተም ጉልበቱን ማክሲመም ላይ አድርገህ ሞከርክ፣ አልተሻለውም፣ እና ባትሪ ልቀይር ወይስ አዲስ ልግዛ ነው ያልከኝ።

ወንድሜ ለጊዜው ሁለቱንም ተው። ባትሪው ሞቷል ተብለው እኔ ጋ ከሚመጡት ብዙዎቹ ባትሪያቸው ደህና ነው፣ የያዛቸው ፀጉርና አቧራ ነው። ሞተሮቹ ከፀጉር ጋር እየታገሉ ሲዞሩ ብዙ ከረንት ይስባሉ፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ አንተ ደሞ የምታየው ባትሪው ማለቁን ብቻ ስለሆነ ጥፋቱን ለሱ ትሰጠዋለህ። ማክሲመም ላይ ማድረግህም ነገሩን ነው ያባባሰው፣ ምክንያቱም አየር መተላለፊያው ከታፈነ ጉልበት ስትጨምርለት ጩኸቱ ይጨምራል እንጂ የሚያነሳው ቆሻሻ ያን ያህል አይጨምርም፣ ባትሪው ግን በእጥፍ ፍጥነት ሊወርድ ይችላል።

ከፊልተሩ ጀምር። የሚስበው አየር በሙሉ በፊልተሩ አልፎ ነው የሚወጣው፣ እዛ ጋ ከተዘጋ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም። ከላይ ስታየው ንፁህ ይመስልሃል፣ እጥፋቶቹን ግን በጣትህ ከፈት ከፈት አድርገህ ወደ ብርሃን አዙረህ እየው፣ ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ ደቃቁ አቧራ ውስጡ ተጋግሯል ማለት ነው። ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ጠርዝ ላይ ቀስ እያልክ መታ መታ አድርገው፣ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ጥረገው። ማጠብ የሚቻለው ይታጠባል ተብሎ ማኑዋሉ ላይ ወይ ፊልተሩ ላይ ከተፃፈ ብቻ ነው፣ ካልተፃፈ ውሃ አታስነካው። የሚታጠብ ከሆነም ያለ ሳሙና በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቀህ 24 ሰዓት ሙሉ ይድረቅ፣ በፀጉር ማድረቂያ ላጣድፈው እንዳትል። እርጥቡን መልሰህ ከገጠምከው አቧራው ጭቃ ይሆንና ይደፍነዋል፣ እርጥበቱም ወደ ሞተሩ ያልፋል። ስለዚህ ሁለት ፊልተር ኖሮህ ብታፈራርቅ በጣም ጥሩ ነው፣ አንዱ ሲደርቅ አንዱ ይሰራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ሮለሩ፣ ማለትም ከስሩ እየተሽከረከረ ቆሻሻውን የሚያነሳው ረጅሙ ብሩሽ። መጀመሪያ ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፋና የቆሻሻ መያዣውን አውጣ፣ ይሄን ሳታደርግ ከገለበጥከው ውስጡ ያለው አቧራ ሊፈስ ይችላል። ከዛ ገልብጠህ የሮለሩን መሸፈኛ ክፈተውና ሮለሩን አውጣው። መሀሉ ላይ የተጠመጠመውን ፀጉር ሁሉም ሰው ያየዋል፣ በመቀስ ቆርጦ አፀዳሁ ብሎ መልሶ ይገጥመዋል። ችግሩ ያለው ግን ጫፍና ጫፉ ላይ ነው። ጫፎቹ ላይ ያሉት ክዳኖች ብዙ ሞዴል ላይ ይወልቃሉ፣ ጠበቅ ቢልም ወዘወዝ እያደረግክ ሳበው። ስታወልቀው ከስሩ ጥቅጥቅ ብሎ የተጠቀለለ ፀጉር፣ ክር፣ አንዳንዴ የፕላስቲክ ላስቲክ ምናምን ታገኛለህ፣ ከመጥበቁ የተነሳ ቀለበት ነው የሚመስለው። ሮለሩ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ እዛ ጋ ነው ያለው፣ ፀጉሩ ገብቶ ሲታነቅበት ይፋተጋል፣ ይሞቃል፣ ቆይቶ ዙሪያውን ያለውን ፕላስቲክ ያቀልጠዋል፣ ፀጉሩ ከቀለጠው ፕላስቲክ ጋር አንድ ላይ ተጣብቆ የደረቀ ብዙ አውጥቻለሁ፣ እዛ ከደረሰ ሮለሩን መቀየር ነው መፍትሄው። ካልደረሰ በወረንጦ እየጎተትክ አንድም ሳታስቀር ልቀመው። ስትጨርስ ክዳኑን በሁለት ጣትህ ይዘህ አሽከርክረው፣ ምንም ሳይዝህ መዞር አለበት፣ የሚከረክር ወይ ግትር የሚል ከሆነ ገና ውስጥ የቀረ አለ። ዘይት ደሞ ጠብ እንዳታደርግበት፣ ዘይት አቧራ ይሰበስብና በሳምንቱ የባሰ ሆኖ ታገኘዋለህ። በተቃራኒው በኩል ሞተሩ ሮለሩን የሚይዝበት ቀዳዳም አለ፣ ብዙ ሰው እዛ ውስጥ አያይም፣ የእጅ ባትሪ አብርተህ እየው፣ እዛም ፀጉር አይጠፋም።

የጎን ብሩሹ ብዙ ሞዴል ላይ በአንድ ብሎን ነው የታሰረው፣ በካቻቪቴ ፈትተህ ስሩን አፅዳው፣ ክንዶቹ ከተጣመሙ ሙቅ ውሃ ውስጥ ትንሽ ነከር ብታደርጋቸው ይቃናሉ፣ የተሰበረ ካለ ግን ቀይረው፣ ጥግ ጥግ ያለውን ቆሻሻ ወደ ሮለሩ የሚያመጣው እሱ ነው።

የፊተኛዋን ትንሿን ጎማ ደሞ እንዳትረሳት በጣም እለምንሃለሁ። ወደ ላይ ሳብ ስታደርጋት ብድግ ትላለች፣ ከዛ ጎማዋን ከያዣዋ ለይተህ አክሰሏ ላይ፣ ማለትም የምትዞርበት ዘንግ ላይ ያለውን ፀጉር አውጣ። እሷ መዞር ትታ ወለሉ ላይ ከተጎተተች ዋና ጎማዎቹ ይንሸራተታሉ። ሮቦቱ ስንት ርቀት እንደሄደ የሚያውቀው በሌዘሩ ብቻ መስሎህ ከሆነ አይደለም፣ የጎማዎቹንም ዙር እየቆጠረ ነው፣ እና ጎማው እየዞረ እሱ ካልሄደ ሂሳቡ ይዛባበታል፣ አፑ ላይ ያለው ማፕ ይጣመማል፣ ቤዙንም ፈልጎ ማግኘት ያቅተዋል። መሀል ቤት እየቆመ የሚያስቸግርህ አንዱ ምክንያት ይሄ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ምክንያት ከስሩ ያሉት ሴንሰሮች ናቸው። ከጠርዙ ጋ ትናንሽ ጥቁር መስኮት የሚመስሉ አሉ፣ ወደ ወለሉ ኢንፍራሬድ ብርሃን ይልኩና ተመልሶ ሲመጣ ወለል አለ ይላሉ፣ ካልመጣ ደረጃ ነው ብለው ሮቦቱን ያቆሙታል ወይ ወደ ኋላ ያስመልሱታል። አቧራ ከሸፈናቸው ወይ ወለሉ ላይ ብርሃን የሚውጥ ጥቁር ምንጣፍ ካለ ገደል ያየ ይመስላቸዋል። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጋቸው በቃ። አንዳንድ ሰው በፕላስተር ይሸፍናቸዋል፣ ይሄን ቤቱ ውስጥ ደረጃ ያለበት ሰው በፍፁም እንዳያደርገው፣ ተንከባሎ ነው የሚወርደው። የፊት መከላከያውንም ጫን ጫን እያደረግክ ሞክረው፣ ስትለቀው ወዲያው ካልተመለሰ ከስሩ ጠጠር ወይ ፍርፋሪ ገብቷል፣ ሮቦቱም ሁሌ የሆነ ነገር የገጨ እየመሰለው ይሽከረከራል።

ቤዙን ግድግዳ አስጠግተህ አስቀምጠው፣ ግራና ቀኙ ግማሽ ሜትር ያህል፣ ፊቱ ደሞ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ክፍት ይሁን፣ ካስቀመጥክ በኋላ ከቦታው አታንቀሳቅሰው። ስራም ሁሌ ከቤዙ ላይ አስጀምረው፣ አንስተህ ሌላ ክፍል ውስጥ አስቀምጠህ ሂድ ካልከው መነሻውን ሊስት ይችላል። ሮቦቱም ቤዙም ላይ ያሉትን የቻርጅ ብረቶች ትንሽ አልኮል በነካ ጥጥ ጥረጋቸው፣ እነሱ ከቆሸሹ ሌሊቱን ሙሉ ቤዙ ላይ አድሮ ሳይሞላ ሊነሳ ይችላል፣ አንተ ደሞ ሞልቷል ብለህ ነው የምታስነሳው።

ማፑንም ክፈትና እየው። ቤትህ ውስጥ የሌለ ክፍል ከግድግዳው ወዲያ ተስሎ ካገኘህ ብዙ ጊዜ ወለል ድረስ የወረደ መስታወት አለህ ማለት ነው፣ ሌዘሩ መስታወቱ ውስጥ ያየውን እውነተኛ ክፍል ነው ብሎ ይስለዋል። እዛ ጋ አፑ ላይ እንዳይጠጋ መስመር አስምርበት።

አጠቃቀሙን በተመለከተ፣ በሳምንት አንዴ በማክሲመም ከምታስነሳው በየቀኑ ወይ በየሁለት ቀኑ በኖርማል አስነሳው። ሮቦት ለመጀመሪያ ፅዳት አይደለም፣ የፀዳውን ቤት እንደፀዳ ለማቆየት ነው የሚሆነው፣ የቆሻሻ መያዣውም ትንሽ ስለሆነ የሳምንት ቆሻሻ መሀል ላይ ሞልቶበት የቀረውን ዝም ብሎ እየበተነ ይዞራል። ከፍ ያለውን ጉልበት ለምንጣፉ ብቻ አድርገው፣ ብዙዎቹ አፖች ክፍል ለክፍል ለይተህ እንድታስተካክል ያደርጉሃል፣ ምንጣፉን ሁለት ጊዜ እንዲያልፍበት እዘዘው፣ አንዴ በርዝመት አንዴ በወርድ ሲያልፍ ተኝቶ ያመለጠውን ፀጉር ያነሳዋል።

ይሄን ሁሉ ከጨረስክ በኋላ ሙሉ ቻርጅ አድርገህ በኖርማል አስነሳው። አፑ ታሪኩ ውስጥ ስንት ደቂቃ ሰርቶ ስንት ካሬ ሜትር እንዳፀዳ ይይዛል፣ አዲስ እያለ ከነበረው ጋር አስተያየው። ወደ ድሮው ከተጠጋ ባትሪህ ደህና ነው። አሁንም ግማሽ ካልደረሰ ያኔ ባትሪው ነው፣ ሊትየም ባትሪ ከጥቂት መቶ ቻርጅ በኋላ መድከሙ ያለ ነው። ስትገዛ ሶኬቱና መጠኑ ከአሮጌው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጥ። ቮልቱን በተመለከተ አንዱ ላይ 14.4 ሌላው ላይ 14.8 ተብሎ ብታይ አትደንግጥ፣ ሁለቱም አራት ሴል፣ ማለትም አራት ትንንሽ ባትሪ በተከታታይ የታሰሩበት ነው፣ አንዱ አምራች ሴሉን 3.6 ሌላው 3.7 ብሎ ስለሚቆጥር ነው። አሮጌውን ስታወጣው አብጦ ካገኘኸው ግን መልሰህ ቻርጅ ላይ አታድርገው፣ አትብሳው፣ ከተራ ቆሻሻ ጋርም አትጣለው፣ የሚቃጠል ነገር ከሌለበት ቦታ ለብቻው አስቀምጠህ አሮጌ ባትሪ ለሚቀበሉ ሰዎች ስጥ።