ምርምራችሁ ማሳው ዳር ላይ አይቁም

ውድ ልጆቼ፣

በሆርቲካልቸር የተመረቀ ወጣት የሙከራ ውጤቱን ይዞ ቢሮዬ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳየኝ በሄክታር ስንት ኩንታል እንደተገኘ ነው። ደስ ይለኛል። ቀጥዬ ግን ሁሌም አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ «ከተሰበሰበ በኋላስ ምን ሆነ?» ብዙ ጊዜ መልስ የለም። ምርቱ ተመዘነ፣ ቁጥሩ ተጻፈ፣ አለቀ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ለዚህ ነው።

ያለነው ባሕር ዳር ነው። ፎገራ ቅርባችን ነው፤ ገበሬው በክረምት ሩዝ፣ በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመርታል። ወደ መራዊ በኩል ደግሞ 7 ሺህ ሄክታር ያህል እንዲያለማ የተሠራው የቆጋ መስኖ አለ። ወራሚት ላይ የአትክልትና ፍራፍሬ ምርምር ጣቢያ አለ። የአዴት የግብርና ምርምር ማዕከልም ሩቅ አይደለም። የምታጠኑት ነገር ሁሉ ደጃችሁ ላይ ነው፤ ገበያውም ጭምር።

ሽንኩርትን እንውሰድ። ዩሪያ ሲያገኝ ይወፍራል፣ ሚዛን ላይም ያምራል። ዩሪያው ዘግይቶ ከተሰጠና ውሃውም እስከ መጨረሻው ከቀጠለ ግን አንገቱ ወፍሮ ይቀራል። ወፍራም አንገት ቶሎ አይደርቅም። የሚያበሰብሰው ፈንገስና ባክቴሪያ የሚገባውም በዚያው በኩል ነው። ስለዚህ በሪፖርታችሁ አንደኛ የወጣው የማዳበሪያ መጠን መጋዘን ሲገባ መጨረሻ ሊሆን ይችላል። ዋጋ በወደቀበት ሳምንት ሽንኩርቱን ማቆየት ያልቻለ ገበሬ ደላላው በጠራለት ዋጋ ይሸጣል። ምን ያድርግ? እኛ ኩንታሉን ጨምረንለት ኪሱ ባዶ ከሆነ ምኑን ጠቀምነው?

እባካችሁ ከየመደቡ ናሙና አስቀሩ። ከመሰብሰቡ 2 ወይም 3 ሳምንት በፊት ውሃው ይቁም። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቅጠል ሲተኛ ንቀሉ። አየር በሚያገኝ ጥላ ሥር ዘርግታችሁ በደንብ አድርቁት። ከዚያ ገበሬው በሚያስቀምጥበት ዓይነት ቤት አስቀምጡት፤ ላቦራቶሪ ውስጥ አይደለም። በየሳምንቱ መዝኑ። የበሰበሰውን ለብቻ፣ ያበቀለውን ለብቻ ቁጠሩ። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ሽታውም ቀላል አይደለም። ለገበሬው ትርጉም ያለው ቁጥር ግን የሚገኘው እዚያ ነው።

ቅዳሜ ገበያ ሄዳችሁ ሽንኩርት የሚሸጡ እናቶች ሲመርጡ ተመልከቱ። አንገቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዝ ያደርጉታል። የደረቀው ይንኮሻኮሻል፣ ያልደረቀው ይለሰልሳል። ያልደረቀውን ወዲያው ወደ ጎን ያደርጉታል፤ ዛሬውኑ መሸጥ አለበት። መንታ የሆነውን ይለያሉ፣ ደቃቁን ይለያሉ፣ ልጣጩ የተገፈፈውን ይለያሉ። ቁጭ በሉና ጠይቋቸው። «እማማ፣ ይሄን ለምን ለዩት?» በሏቸው። የሚነግሯችሁን አንድ በአንድ ጻፉ፤ ስትመለሱ የዳታ ቅጻችሁ ላይ ዓምድ አድርጉት። ለገበያ የሚሆንና የማይሆን ብለን በሪፖርት የምንለየው በእነሱ ዓይን ሲሆን ነው እውነት የሚሆነው።

ማንጎውም ያው ነው። ነጩ የማንጎ ተባይ በአገራችን የታየው እ.ኤ.አ. በ2010 ምሥራቅ ወለጋ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ አዳርሷል። ቅጠሉና ፍሬው ላይ ተለጥፎ ይመጣል። የመጠጠበት ቦታ በልጣጩ ላይ ሮዝ ነጠብጣብ ይቀራል። ውስጡ ይበላል፣ ገዢው ግን አያነሳውም። ኪሎውን ብቻ ከመዘናችሁ ጉዳቱን በሙሉ አታዩትም። ነጠብጣቡንም ቁጠሩ። ደግሞ ሁሉን በመድኃኒት ለመጨረስ አትቸኩሉ። ከዘር የበቀለው የድሮ ማንጎ ረጅም ነው፤ በጀርባ የሚታዘለው መርጫ ጫፉ ጋ አይደርስም። መጀመሪያ መጋዝ ያስፈልገዋል። ዛፉ ሲገረዝ ብርሃንና አየር ይገባዋል፣ ለቀማውም ይቀላል።

አቮካዶን በተመለከተ ልቤ ላይ ያለው ጉዳይ ጊዜ ነው። ከዘር የበቀለ አቮካዶ እናቱን አይመስልም። የምታምኑት ዝርያ ከፈለጋችሁ ግራፍት የተደረገ፣ ማለትም ከዚያ ዝርያ ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ የተጣበቀበት ችግኝ ያስፈልጋችኋል፤ እሱም ፍሬ መስጠት የሚጀምረው በ3 ወይም በ4 ዓመቱ ገደማ ነው። የፕሮጀክት በጀት ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት ያልቃል። ሰውም ይቀያየራል። ዛፉ ላይ የታሰረው ምልክት በፀሐይ ይደበዝዛል፣ ይወድቃል፣ ልጆች ይጫወቱበታል። ከዚያ ከአቮካዶ ዝርያዎቹ ሐስ የቱ፣ ኢቲንገር የቱ እንደሆነ የሚነግራችሁ ሰው ይጠፋል። የብዙ ዓመት ሥራ በዚህ ሲባክን ማየት በጣም ያሳዝነኛል። የተከላውን ካርታ በወረቀት ሳሉት። አንዱን ቅጂ ቢሮ፣ አንዱን ጣቢያው፣ አንዱን እናንተ ጋ አስቀምጡ። ስትለቁም ተተኪያችሁን ይዛችሁ ዛፍ በዛፍ እየዞራችሁ አስረክቡ።

አቮካዶ ሲያብብም አጠገቡ ቁሙ። የሐስ አበባ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሴት ሆኖ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ በማግስቱ ከሰዓት ወንድ ሆኖ ይከፈታል። ኢቲንገር የሚከፈተው በተገላቢጦሽ ነው፦ ከሰዓት ሴት፣ በማግስቱ ጠዋት ወንድ። ሁለቱን አቀላቅሎ መትከል የሚመከረው ለዚህ ነው። ይህን በዓይኑ ያየ ወጣት ለገበሬ ሲያስረዳ አይንተባተብም። ፍሬው ዛፍ ላይ ሳለ እንደማይበስልም አትርሱ። ሳይደርስ የተለቀመ ሐስ ቤት ውስጥ ይጨማደዳል እንጂ አይጥምም። መድረሱን ለማወቅ ከፍሬው ቆርጣችሁ መዝኑ፣ በኦቨን አድርቁ፣ እንደገና መዝኑ። ደረቅ ይዘቱ፣ ማለትም ከደረቀ በኋላ የቀረው ክብደት፣ ከመጀመሪያው ክብደት ከ21 በመቶ በታች ከሆነ አትልቀሙ። ከቆጋ አቮካዶ ወደ ውጭ ተልኳል፤ እዚያ ያለው ገዢ ይህን ይለካል።

የደረጃ እድገት የሚሰጠው በሚታተም ጽሑፍ ስለሆነ የማቆያ ቤት ክትትል ጊዜ ማባከን ሊመስላችሁ ይችላል። አይደለም። ደግሞም ከምርት በኋላ ያለው ክፍል ገና ብዙ ያልተሠራበት ነው፤ ለሚጽፍ ሰው ሰፊ ነው።

በመጪው በጋ ሙከራ የምትጀምሩ ካላችሁ ፕሮፖዛሉን ከማስገባታችሁ በፊት የማቆያ ቤቱን ወጪ ጨምሩበት፦ የሣር ክዳን፣ አየር የሚያሳልፍ ግድግዳ፣ ከመሬት ከፍ ያለ የቀርከሃ መደርደሪያ፣ ሚዛንና ለመዛኙ አበል። ምርቱ ከተሰበሰበ በኋላ ይህን ገንዘብ ማስፈቀድ ከባድ ነው። ፕሮፖዛላችሁን ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናየዋለን።