ያረጀ ማርቸዲስ ልግዛ? ጋሽ ፍሬውን ጠይቁ

ጋሽ ፍሬው፦ እሺ፣ ቡናዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። እስከ ማታ የመጣውን እመልሳለሁ። ዕድሜዬን የፈጀሁት 123 እና 126 የሚባሉት የማርቸዲስ ሞዴሎች ሥር ተኝቼ ነውና ስለ እነሱ ጠይቁኝ። ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር። ሞተሩን ቀዝቅዞ ካላገኛችሁት አትግዙ። ከሥር ገብታችሁ ሳታዩ ብር አትቁጠሩ። ዛሬ አሥር ጊዜ እንደምደግመው አውቃለሁ።

ዳጊ፦ ጋሼ ሰላም ነው? ማርቸዲስ 123 አሪፍ ነው? ልግዛ?

ጋሽ ፍሬው፦ የቱን? የስንት ዓመተ ምሕረት? ናፍጣ ነው ቤንዚን? ከ1976 እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ድረስ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ተሠርቷል። የትኛውን ነው የምትለኝ? አይተኸው ተመለስ።

እመቤት፦ ጋሽ ፍሬው፣ እኔ ያየሁት 123 ነው፣ 300 ዲ የሚባለው ናፍጣ። የ1982 ስሪት፣ ነጭ። ባለቤቱ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ለረጅም ዘመን ይዘውታል። ጠዋት ጠዋት ለመነሳት ትንሽ ያስቸግራል ብለውኛል። ቀለሙ በቅርቡ ተቀብቷል። ባለቤቴ "የብረት ክምር ነው" እያለ ይስቅብኛል። ምን ምን ልይ?

ጋሽ ፍሬው፦ ተባረኪ። ጥያቄ ማለት ይህ ነው።

ከነገርሽኝ ሁሉ ያስፈራኝ ሞተሩ አይደለም፤ ቀለሙ ነው። ሊሸጥ ሲል የተቀባ መኪና የሚደብቀው ነገር አለው። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለሽ ሂጂ። በሮቹ ከታች፣ ከፊት ጎማው ኋላ፣ የኋላ መስታወቱ ማዕዘን ላይ አስጠጊው። ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው። ከዚያ ክሪክ የሚገባባቸውን አራቱን ቀዳዳዎች እይ። 123 መበስበስ የሚጀምረው እዚያ ነው። ባትሪው የሚቀመጥበትን ላሜራ እይ። ትርፍ ጎማውን አንስተሽ ጉድጓዱን እይ። የፊቱን ምንጣፍ ገልጠሽ በእጅሽ ዳብሺ። እርጥብ ከሆነ ወለሉ እየተበላ ነው። ሞተር ይወርዳል፣ ይታደሳል፣ ይመለሳል። የበሰበሰ ቦዲ ግን ዛሬ አንዱን ስትበይጂ ነገ ሌላው ይከፈታል፤ ማለቂያ የለውም።

አሁን ወደ ሞተሩ። የ300 ዲውን ባለ አምስት ሲሊንደር ሞተር፣ 617ን፣ እኔ ከማውቃቸው የናፍጣ ሞተሮች ሁሉ የሚያሸንፈው የለም። ግን አንድ ጠባይ አለው። ቫልቮቹ በየ24,000 ኪሎ ሜትሩ በእጅ መስተካከል አለባቸው። እዚህ አገር ይህን የሚያስታውስ ስንት ሰው አለ? ካልተስተካከሉ ክፍተቱ እየጠበበ ይሄዳል፣ ቫልቩ ጥርቅም ብሎ አይዘጋም፣ ኮምፕረሽኑ፣ ማለት ሲሊንደሩ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት፣ ይወርዳል፣ ጠዋት መነሳት እምቢ ይላል። ከዚያ አንዱ መካኒክ "ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ሞተር ይውረድ" ይላል። ባለቤቱም ተስፋ ቆርጦ በርካሽ ይሸጠዋል። እኔ እንዲህ ያለ "የሞተ" መኪና ገዝቼ ከሰዓት በኋላ ቫልቭ አስተካክዬ፣ ሁለት የማሞቂያ ካንዴላ ቀይሬ አስነስቼዋለሁ። ስለዚህ "ያስቸግራል" መባሉ መልካም ዜናም ሊሆን ይችላል። ግን ለክተሽ እወቂ። ኮምፕረሽን አስለኪ። በአምስቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ባር ከበለጠ ዋጋ አስወርጂ ወይም ተዪው።

መለኪያ ባይኖርስ? ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፍቺና ገልብጠሽ ቀዳዳው ላይ አስቀምጪው። ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ግድ የለም። ከዘለለና ከተወረወረ ፋሻው እውነትም አልቋል።

በመጨረሻ ቁልፉን አጥፊ። ሞተሩ ወዲያው ካልጠፋ አትደንግጪ። የዚህ ናፍጣ ሞተር የሚጠፋው በኤሌክትሪክ ሳይሆን በቫኩም፣ አየር በመምጠጥ ኃይል፣ ነው። ያው ቫኩም የበሮቹን መቆለፊያም ያሠራል፣ ፍሬንሽንም ያግዛል፣ የኦቶማቲክ ካምቢዮው ማርሽ አቀያየርም ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። አንድ በር ላይ አንድ የጎማ ቱቦ ቢቀደድ ሞተር አልጠፋ ይላል። ሰው ግን ፖምፓ ይቀይራል! ቱቦ የሚያክል ነገር ትቶ! ሞተሩ ላይ "ስቶፕ" የተጻፈበት ማጥፊያ አለ፤ በእጅሽ ተጫኝው።

ኮሮላ አይሞትም፦ ይህ ሁሉ ጣጣ ለአንድ መኪና? እህቴ፣ ኮሮላ ዲኤክስ ግዢና እንቅልፍሽን ተኚ።

ናፍጣ በላይ፦ ዲኤክስ መኪና ነው እንዴ? በሩን ስትዘጋው እንደ ቆርቆሮ ይጮኻል። ማርቸዲስ የንጉሥ መኪና ነው።

ኮሮላ አይሞትም፦ ጃንሆይን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ያወጣቸው ግን ቮልስዋገን ነው። ማርቸዲስህ የት ነበር?

ናፍጣ በላይ፦ እሱ መርጠውት ነው? ተገደው ነው እንጂ።

ጋሽ ፍሬው፦ ታሪክ ሌላ ቀን። ቀጣይ።

ዳጊ፦ ጋሼ ስንት ያወጣል ግን?

ጋሽ ፍሬው፦ ምኑ?

ዳጊ፦ 123።

ጋሽ ፍሬው፦ የመግዣውን ደላላ ይነግርሃል። እኔ የምነግርህ ከገዛህ በኋላ ያለውን ነው። የመግዣውን ግማሽ የሚያህል በእጅህ ካልቀረ አትግዛ። ርካሽ የቅንጦት መኪና የሚባል ነገር የለም። የተሸጠልህ ባረጀ መኪና ዋጋ ነው፤ ዕቃውን የምትገዛው ግን በማርቸዲስ ዋጋ ነው።

ሚኪ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጋሽ ፍሬው፣ እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው። 126 አግኝቻለሁ፣ 380 ኤስኢኤል፣ የ1982። አንድ እጅ ብቻ ነው የነዳው። ቆዳው እንደ አዲስ ነው። ለእሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን መሄጃ ፈልጌ ነው።

ጋሽ ፍሬው፦ ቆዳውን ተወው። እናንተ አገር የገባው የዚያ ዘመን 380 የሞተሩ ሰንሰለት ነጠላ ረድፍ ነው። ይለጠጣል፣ ይበጠሳል። ሲበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ይጋጫሉ፣ ያኔ ደህና ሰንብት። ከ1984 ጀምሮ ድርብ ረድፍ ሆኗል። የቀድሞዎቹንም ብዙ ሰው ወደ ድርብ አስቀይሯል። የተቀየረበትን ደረሰኝ ጠይቅ። "ይመስለኛል ተቀይሯል" ካሉህ አልተቀየረም ማለት ነው። ደግሞ እናንተ ጋ በክረምት መንገድ ላይ ጨው ይበትናሉ። ከሥር ገብተህ ሳታይ ብር አትቁጠር።

አቤል ከሙኒክ፦ እዚህ ንጹሕ 124 ሞልቷል፣ ናፍጣ፣ ዋጋውም ደህና ነው። ይዤ አዲስ አበባ ልግባ?

ጋሽ ፍሬው፦ ከ2016 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ጀምሮ በናፍጣም በቤንዚንም የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። እዚያው ንዳው። ቀጣይ።

አቤል ከሙኒክ፦ በዳያስፖራ መብት ምናምን...

ጋሽ ፍሬው፦ እኔ መካኒክ ነኝ፣ ጉምሩክ አይደለሁም።

የሰሚት ልጅ፦ ጋሼ፣ ለእኔ 140 ነው የመጣልኝ። ኤስ 320፣ የ1994። ሙሉ ኦፕሽን። በሩ ገርበብ ስታደርገው ራሱ ስቦ ይዘጋል! ዋጋው ከቪትዝ ያነሰ ነው። ምንድን ነው ችግሩ?

ጋሽ ፍሬው፦ ጥያቄህ ውስጥ መልስህ አለ። እንዲህ ያለ መኪና ከቪትዝ በታች ሲሸጥ ለምን እንደሆነ ባለቤቱ ያውቃል። እስከ 1995 ድረስ የተሠሩት የሞተር ሽቦ ሽፋን ሙቀት ሲበዛበት ይሰነጠቃል፣ እንደ ደረቅ ቅጠል ይረግፋል። ራቁቱን የቀረ ሽቦ እርስ በርሱ ይነካካል፣ ኮምፒውተሩን ያቃጥላል። የእኛ ሰው ደግሞ በጥቁር ስኮች ጠቅልሎ ይሸጠዋል። ኮፈኑን ክፈትና አንዱን ሽቦ ቀስ ብለህ እጠፈው። ከተንኮሻኮሸ ዝጋውና ውጣ። ስኮች ካየህ ሳትዘጋም ውጣ። ያ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ከቴስታታው ጋርኒሲዮን (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል ማሸጊያ) ኋላ ጥግ ዘይት ማንጠባጠብም ልማዱ ነው። እሱ እንኳ ይሠራል። ሽቦው ነው ቤት የሚያፈርሰው። በሩ ራሱ ቢዘጋ ምን ይጠቅምሃል፣ አንተ ቆመህ የሚጎትት መኪና ስትጠብቅ?

የሰሚት ልጅ፦ ስኮች አለው...

ጋሽ ፍሬው፦ እንግዲያውስ ጨረስን።

ሰኒ፦ እኔ 240 ዲ አለኝ። ወደ እንጦጦ ስወጣ ጥቁር ጭስ ይለቃል፣ ኋላዬ ያለ ሰው ይሰድበኛል። ልሽጠው ወይስ ሞተር ላሳድስ?

ጋሽ ፍሬው፦ ሁለቱንም አታድርጊ። ያ መኪና ባሕር ዳርቻ ላይ እንኳ ቢበዛ 72 የፈረስ ጉልበት ነው ያለው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ በሩብ ገደማ ይሳሳል። ፖምፓው ናፍጣውን እንደ ድሮው ይረጫል፣ የሚያቃጥለው አየር ግን የለም። ያልተቃጠለው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። አየር ማጣሪያውን ቀይሪ፣ ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች አስመርምሪ፣ ማርሽ አውርደሽ ቀስ ብለሽ ውጪ። የምትፈሪው ሰማያዊውን ነው፤ እሱ ዘይት ነው። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ነጭ ከሆነና ጣፋጭ ነገር ከሸተተሽ ደግሞ የራዲያተር ውኃ ወደ ሞተር እየገባ ነው።

ዮኒ፦ ሻጩ በውክልና ነው የሚሸጥልኝ፣ ሊብሬው በሌላ ሰው ስም ነው። ችግር አለው?

ጋሽ ፍሬው፦ ጠበቃ ጠይቅ።

ናፍጣ በላይ፦ ዮኒ፣ ውክልናው መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድ መሆኑንና አለመሻሩን ውል ማዋዋያ ሄደህ አረጋግጥ። መኪናው እዳና እገዳ እንደሌለበትም መንገድ ትራንስፖርት ጠይቅ። እኔ አንዴ ተበልቻለሁ።

ጋሽ ፍሬው፦ እኔ የምጨምረው ቁጥሩን ነው። የኋላ ኮፈን ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አትመኑ፤ ሶማሌ ተራ የፈለጋችሁት ቁጥር ይሸጣል። ሻንሲው ላይ 123.130 ካለ ከፋብሪካ 300 ዲ ሆኖ የወጣ ነው። 123.123 ካለ 240 ዲ ነው። የሞተሩ ቁጥር ደግሞ በ617 ከጀመረ ባለ አምስቱ ነው፣ በ616 ከጀመረ ባለ አራቱ። ሁለቱ ካልተጣጣሙ ሞተር ተቀይሯል። መቀየሩ ነውር አይደለም። ሊብሬው ላይ አለመጻፉ ግን ለዓመታዊ ምርመራና ቦሎ ስትሄዱ ያስለቅሳችኋል።

ኮሮላ አይሞትም፦ የቶዮታ ሞተር የገባበት ማርቸዲስ አይቻለሁ። ከዋናው ይሻላል።

ናፍጣ በላይ፦ ይኸው! እንዲህ ያለውን ሰው ነው ከዚህ ማስወጣት።

ኮሮላ አይሞትም፦ አሥር ዓመት ሳይቆም ሄዷል፣ ያንተስ?

ጋሽ ፍሬው፦ ሁለታችሁም ውጡና ሻይ ጠጡ።

ዳጊ፦ ጋሼ፣ አየሁት። 230 ኢ ነው፣ ቤንዚን። አሪፍ ነው ግን?

ጋሽ ፍሬው፦ ቀዝቅዞ አስነሳኸው?

ዳጊ፦ አይ፣ ስደርስ እየሠራ ነበር።

ጋሽ ፍሬው፦ ከሥርስ ገባህ?

ዳጊ፦ ነጭ ሱሪ ለብሼ ነበር።

ጋሽ ፍሬው፦ ሱሪህን ቀይረህ ተመለስ።

እመቤት፦ ጋሽ ፍሬው፣ አሁን ከዚያው ነው የምጽፍልዎ። ማግኔቱ በግራ በኩል የኋላው በር ሥር ሁለት ቦታ አልያዘም። ሌላው ሁሉ ይዟል። የክሪኩ ቀዳዳዎች ደህና ናቸው፣ አንዱ ብቻ ጫፉ ተበልቷል። ክዳኑ ትንሽ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልዘለለም። ግን ስደርስ ኮፈኑ ሙቅ ነበር። ሽማግሌው "እንዳትቸገሪ ብዬ ቀድሜ አስነሳሁት" አሉኝ።

ጋሽ ፍሬው፦ ለደግነት ይሁን ለሌላ እግዜር ይወቅ። ዛሬ ቀብድ አትስጪ። ነገ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ሳትደውዪ ሂጂ። ኮፈኑን በእጅሽ ንኪ፣ ቀዝቃዛ ከሆነ የማሞቂያው መብራት እስኪጠፋ ጠብቀሽ አስነሺ። ስንት ሰከንድ እንደፈጀና ጭሱ ምን እንደሚመስል በስልክሽ ቅረጪልኝ።

እመቤት፦ ባለቤቴን ይዤ ልሂድ?

ጋሽ ፍሬው፦ የሚስቅ ከሆነ ተዪው። የሥራ ልብስ ካለው ግን ይምጣ፣ ከሥር የሚገባ ሰው ያስፈልግሻል። ምንጣፉን ገልጠሻል?

እመቤት፦ ረሳሁት።

ጋሽ ፍሬው፦ እንግዲያው ነገ ከእሱ ጀምሪ።